ከትምህርቱ በፊት የሚፈረመው ሰነድ፦ ጥብቅ ሕግ ያላቸው የአሜሪካ ክርስቲያናዊ ኮሌጆችና የተማሪዎቻቸው ኑሮ

በአሜሪካ ወግ አጥባቂ ክርስቲያናዊ ኮሌጆች የሚገባ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን ትምህርት ከመከታተሉ በፊት የሚፈርምበት አንድ ሰነድ አለ። ሰነዱ በአንዱ ኮሌጅ «የማኅበረሰብ ቃል ኪዳን»፣ በሌላው «የተማሪዎች መመሪያ» ይባላል። ስለ ፈተናና ስለ ውጤት ከሚናገረው ይልቅ ማታ በስንት ሰዓት መግባት እንደሚገባ፣ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚለበስ፣ የትኛው ሙዚቃ እንደማይደመጥ፣ ወንድና ሴት የትና እንዴት አብረው መቀመጥ እንደሚችሉ የሚደነግገው ይበዛል። ብዙ ወጣቶች ሰነዱን ሳያነቡ ይፈርሙታል፤ ወላጆችም «ሃይማኖት ያለበት ቦታ ነው» ብለው ልባቸውን ያሳርፋሉ።

ልጆቻቸውን በነጻ የትምህርት ዕድልም ይሁን በዘመድ አጋዥነት ወደ አሜሪካ ለመላክ የሚያስቡ ቤተሰቦች በከተማም በገጠርም አሉ። ክርስቲያናዊ የሚል ስም ያለው ኮሌጅ ደግሞ ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ስለዚህ እነዚህ ኮሌጆች ምን እንደሆኑ፣ ሕጋቸው ከየት እንደመጣ፣ ለተማሪው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድበት ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው በአሜሪካ በቤተ ክርስቲያን የተመሠረተ ኮሌጅ ሁሉ ጥብቅ አለመሆኑ ነው። ብዙዎቹ ዛሬ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚለዩት በስማቸውና በግቢያቸው በሚገኝ የጸሎት ቤት ብቻ ነው። እዚህ የምናወሳቸው የተማሪውን የቀን ተቀን ኑሮ በደንብ የሚመሩ፣ በአብዛኛው የወንጌላውያን እምነት ተከታይ የሆኑ የግል ተቋማትን ነው።

ኮሌጅ በወላጅ ቦታ

ጥብቅ ደንብ የእነዚህ ተቋማት ብቻ ፈጠራ አልነበረም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ኮሌጅ በወላጅ ቦታ እንደቆመ ይቆጠር ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር ሴት ተማሪዎች ማታ የሚገቡበት ሰዓት ተወስኖ ነበር፤ ኮሌጁም ተማሪውን ያለ ብዙ ጥያቄ ማባረር ይችል ነበር። ይህን አሠራር ካናወጡት ውሳኔዎች አንዱ በ1961 ተሰጠ። በአላባማ ግዛት የሚገኝ የመንግሥት ኮሌጅ የዘር መድልዎን በመቃወም ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት ምግብ ቤት የተቀመጡ ጥቁር ተማሪዎችን አባረረ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊያሳውቀውና ሊያደምጠው ይገባል ሲል ወሰነ።

ይህ ጥበቃ ግን የግል ኮሌጆችን አልነካም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመናገርና ፍትሕ የማግኘት መብትን ሲደነግግ የሚገድበው የመንግሥትን እጅ ነው። በግል ኮሌጅና በተማሪው መካከል ያለው ግንኙነት በአመዛኙ እንደ ውል ይታያል። ተማሪው የፈረመበት መመሪያ ኋላ ላይ «ይህ ሕግ ተገቢ አይደለም» ብሎ ቢከራከር በቅድሚያ የሚቀርብበት ማስረጃ ነው። የፊርማው ክብደት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ግቢው ውስጥ ያለው ሕይወት

በፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘውን የፔንሳኮላ ክርስቲያን ኮሌጅን እንውሰድ። በ1974 የተመሠረተው ይህ ኮሌጅ በጥብቅነቱ ስሙ ከሚነሣባቸው ግንባር ቀደሙ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ስለ ኮሌጁ በወጡ ዘገባዎች እንደተገለጸው ወንዶችና ሴቶች በተለያየ ደረጃና በተለያየ አሳንሰር ይወጡና ይወርዱ ነበር፤ በተቃራኒ ጾታ መካከል ማንኛውም አካላዊ ንክኪ የተከለከለ ነበር። በደቡብ ካሮላይና ግዛት ግሪንቪል ከተማ በሚገኘው ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲም ለረጅም ዘመን የተዋደዱ ወጣቶች ከግቢ ሲወጡ ታላቅ ሰው አብሯቸው ሆኖ እንዲታዘብ ይደረግ ነበር። ሲኒማ ቤት መግባትና የሮክ ሙዚቃ ማዳመጥ ክልክል ነበር። መጠጥ፣ ሲጋራና ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነትማ በእነዚህ ኮሌጆች ሁሉ የተከለከሉ ናቸው።

ደንቡ የሚሠራው በነጥብ ነው። ተማሪው ለጸሎት ጉባኤ ሲዘገይ፣ አልጋውን ሳያነጥፍ ሲወጣ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ከክፍሉ ውጭ ሲገኝ የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል። ትንሹ ጥፋት ጥቂት ነጥብ፣ ትልቁ ብዙ ነጥብ ያስይዛል። በአንድ የትምህርት ወቅት ነጥቡ ተደምሮ ከተወሰነው ጣሪያ ሲደርስ ተማሪው ይሰናበታል። ክፍሎቹን የሚቆጣጠሩትና ጥፋት የሚመዘግቡት ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሱ ተማሪዎች ናቸው። በዚህ የተነሣ የሚከታተለው ሰው ከሩቅ ያለ አስተዳዳሪ ሳይሆን አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚጸልይ ጓደኛ ይሆናል። ይህን አንዳንዱ የወንድማማችነት መተራረም ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ማንንም ማመን የማይቻልበት ኑሮ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱም ከአንድ ግቢ የወጡ ሰዎች ምስክርነት ነው።

ታዲያ ይህን ማን ይመርጣል? ብዙዎቹ በተመሳሳይ እምነትና ሥርዓት ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ደንቡ ከቤታቸው ብዙም አይርቅባቸውም። ሌላው ምክንያት ዋጋ ነው። የፔንሳኮላው ኮሌጅ መሥራቾች በክርስቲያን ትምህርት ቤቶችና በቤት ውስጥ ለሚማሩ ሕፃናት የመማሪያ መጻሕፍት የሚያሳትም አቤካ የተባለ ትልቅ ድርጅትም መሥርተዋል፤ ከመጽሐፍ ሽያጩ የሚገኘው ገቢ የኮሌጁን ክፍያ ዝቅ አድርጎ ለመያዝ ረድቷል። በአሜሪካ ኮሌጅ ጨርሶ ለብዙ ዓመታት በዕዳ መኖር የተለመደ በመሆኑ፣ ዝቅተኛ ክፍያ ያለው ኮሌጅ ደንቡ ቢጠብቅም ፈላጊ አያጣም።

ላም የሚታለብበት ኮሌጅ

ለገጠር ነዋሪ ከሁሉም የሚቀርበው በሚዙሪ ግዛት ፖይንት ሉክአውት በተባለ ቦታ የሚገኘው የኦዛርክስ ኮሌጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በግብርና ኮሌጅ ያለፈ በመሆኑ እዚህ ላይ ቆም ማለትን መርጧል።

ኦዛርክስ ተራራማ አካባቢ ነው። የኮሌጁ ታሪክ እንደሚተርከው ጄምስ ፎርሳይዝ የተባለ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ በተራራው ላይ ሽኮኮ ሲያድን ያገኘውን ልጅ ለምን ትምህርት ቤት እንዳልሄደ ጠየቀው። ልጁም በቅርብ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፕሪንግፊልድ ከተማ በመሆኑ ወላጆቹ እዚያ ልከው ሊያስተምሩት አቅም እንደሌላቸው ነገረው። በ1906 የተመሠረተው ትምህርት ቤት የተነሣበት ሐሳብ ይህ ነበር፦ ገንዘብ የሌለው ልጅ በጉልበቱ ከፍሎ ይማር። ትምህርት ቤቱ በ1915 በእሳት ከወደመ በኋላ ዛሬ ወዳለበት ቦታ ተዛወረ፤ በ1965 ደግሞ የአራት ዓመት ኮሌጅ ሆነ።

ዛሬም ሙሉ ጊዜ የሚማር እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት 15 ሰዓት ይሠራል፤ ከዚህ በተጨማሪ በትምህርት ዓመቱ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዳቸውን 40 ሰዓት ይሠራል። በድምሩ በዓመት 560 ሰዓት ይሆናል። በምላሹ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ለምግብና ለማደሪያ የሚከፈለውንም በክረምት ወራት በመሥራት መሸፈን የሚችልበት መንገድ አለ። ኮሌጁ የመንግሥት የተማሪ ብድር አያስተናግድም፤ ዕዳን የመጥላት ትምህርት ከትምህርቶቹ አንዱ ነውና።

የሥራው ዓይነት ብዙ ነው። የወተት ላሞች፣ የሥጋ ከብቶችና ዐሳማዎች ይረባሉ። ከወተቱ አይስክሬም ይሠራል። በውኃ የሚዞር ወፍጮ አለ፤ በላይኛው ክፍል ደግሞ ተማሪዎች ሽመና ይሠራሉ። የፍራፍሬ ኬክና ማርማላታ የሚዘጋጅበት ማእድ ቤት ምርቱን ለገበያ ያቀርባል። ኪተር ሴንተር በተባለው የኮሌጁ ሆቴልና ምግብ ቤት እንግዳ የሚያስተናግዱት፣ የእሳት አደጋ መከላከያውን ክፍል የሚያንቀሳቅሱት ተማሪዎች ናቸው። ለሥራው እንደማንኛውም ትምህርት ውጤት ይሰጥበታል። በመጽሐፉ ጎበዝ ሆኖ በሥራው የለገመ ተማሪ መቀጠል አይችልም። በ1973 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ ኮሌጁን «የከባድ ሥራ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ቅጽል ስም ሰጠው፤ ኮሌጁም ስሙን ወዶ እስካሁን ይጠራበታል።

እዚህም ጥብቅ ደንብ አለ። ወንዶችና ሴቶች በተለያየ ማደሪያ ይኖራሉ፣ የአለባበስ ሥርዓት ይከበራል፣ መጠጥ የለም፣ በጸሎት ጉባኤ መገኘት ግዴታ ነው። ነገር ግን ደንቡ በአመዛኙ ከሥራ ጋር የተሳሰረ መሆኑ ከሌሎቹ ይለየዋል። ላም የፈተና ሳምንት አታውቅም፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት የሚያልብ ልጅ በእኩለ ሌሊት ከተማ ውስጥ ሊገኝ አይችልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ የመግቢያ ሰዓት ለምን እንደተወሰነ ማስረዳት ቀላል ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ የኔታን እየታዘዘ የተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ተስፋ ያለ ልክ እንዳይጨምር አንድ ነገር መነገር አለበት። ኮሌጁ ቅድሚያ የሚሰጠው ለአካባቢው ልጆችና የገንዘብ ችግር ላለባቸው ነው። ከሌላ አገር የሚቀበላቸው ተማሪዎች ጥቂት ናቸው።

ደንቡ ሲለወጥ

ከውጭ ለሚያይ እነዚህ ኮሌጆች የማይነቃነቁ ይመስላሉ። እንዲያውም ሁሉም ተለውጠዋል፤ የሚለያዩት በፍጥነታቸውና በለወጣቸው ነገር ነው። በቴክሳስ ግዛት የሚገኘው የባፕቲስቶች ዩኒቨርሲቲ ቤይለር በግቢው ውስጥ ጭፈራን የፈቀደው በ1996 ነው። በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው ዊተን ኮሌጅ ደግሞ ከ1860 ጀምሮ ሳይፈቅድ ቆይቶ የመጀመሪያውን የጭፈራ ምሽት ያካሄደው በኅዳር ወር 2003 ነው። የዊተን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆናታን ብላንቻርድ ባርነትን አጥብቀው የታገሉ ሰው እንደነበሩ ሲታወስ፣ ጭፈራን የሚከለክል እጅ ሁልጊዜ የጭቆና እጅ እንዳልነበረ ይታያል። በቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ሱሪ ለብሰው ክፍል እንዲገቡ የተፈቀደው በ2018 ነው።

ሱሪና ጭፈራ ቀላሉ ነው። የቦብ ጆንስ ከባዱ ታሪክ የዘር ጉዳይ ነው። በ1927 የተመሠረተው ይህ ተቋም እስከ 1971 ድረስ ጥቁር ተማሪ አልተቀበለም። ከዚያም ያገቡ ጥቁሮችን ብቻ መቀበል ጀመረ። በ1975 ያላገቡትንም ሲፈቅድ በዘር የተለያዩ ወጣቶች እንዳይጠናኑና እንዳይጋቡ የሚያግድ፣ የተላለፈውንም የሚያባርር ደንብ አብሮ አወጣ። ደንቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ አድርጎ አቀረበው። የአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በዚህ ምክንያት ለሃይማኖትና ለትምህርት ተቋማት የሚሰጠውን ከግብር ነጻ የመሆን መብት በ1976 ነጠቀው። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። በግንቦት ወር 1983 ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ መንግሥት የዘር መድልዎን ለማጥፋት ያለው ጥቅም ኮሌጁ በእምነቱ ላይ ከሚደርስበት ጫና እንደሚበልጥ ወሰነ።

ኮሌጁ ተሸንፎም ደንቡን አልተወም፤ ግብሩን እየከፈለ አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ቆየ። በየካቲት ወር 2000 በምርጫ ዘመቻ ላይ የነበሩት ጆርጅ ቡሽ በግቢው ንግግር ሲያደርጉ የአገሪቱ ጋዜጠኞች ጉዳዩን እንደገና አነሡት። በሚቀጥለው ወር የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ደንቡ መነሣቱን በቴሌቪዥን አስታወቁ። ይቅርታ የተጠየቀው በ2008 ነው፤ ከግብር ነጻ የመሆን መብቱን መልሶ ያገኘው ደግሞ በ2017። አንድ የትዳር ምርጫ ደንብ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ለዓመታት የሚፈርሙ ወጣቶች ነበሩ። ከመካከላቸው በልቡ የማያምንበት እንኳ ቢኖር ካልፈረመ አይማርም ነበር።

በኮሌጆቹና በመንግሥት መካከል ያለው ክርክር አሁንም አላበቃም። የኦዛርክስ ኮሌጅ በ2021 የፌዴራል መንግሥቱ የመኖሪያ ቤት ፀረ መድልዎ ሕግን ለጾታ ማንነትም በሚሠራ መልኩ መተርጎሙ ማደሪያዎቻችንን በትውልድ ጾታ እንዳንለይ ያስገድደናል ብሎ ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቶቹ ኮሌጁ እስካሁን የደረሰበት ጉዳት የለም በማለት ክሱን አልተቀበሉትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 ጉዳዩን አላይም ብሏል።

ዝምታ የሚያስከፍለው

ስለ ጥብቅ ደንብ ሲነገር ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ወላጅ ሴት ልጁን እንዲህ ወዳለ ግቢ ሲልክ የሚያስበው «ከክፉ ትጠበቅልኛለች» ብሎ ነው። በቨርጂኒያ ግዛት በ1971 በሰባኪው ጄሪ ፎልዌል የተመሠረተውና «የሊበርቲ መንገድ» የሚባል የሥነ ምግባር ደንብ ያለው ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በመጋቢት ወር 2024 በዩኒቨርሲቲው ላይ 14 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ። ምክንያቱ ዩኒቨርሲቲው ከ2016 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት በግቢው የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በአግባቡ መዝግቦ ባለማሳወቁና የጥቃት ሰለባዎችን በሕጉ መሠረት ባለመርዳቱ ነው። ግቢዎች ወንጀልን እንዲያሳውቁ በሚያስገድደው ሕግ መሠረት እስከዚያ ጊዜ ከተጣሉት ቅጣቶች ሁሉ ትልቁ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ያለፈ ጉድለት መኖሩን አምኖ፣ የተያዘበት መንገድ ግን ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ሲነጻጸር ፍትሐዊ አይደለም ብሏል።

የምርመራው ውጤት ያሳየው አሠራር ለማንም ወላጅ ግልጽ ነው። የፆታ ጥቃት የደረሰባት ተማሪ ስታመለክት በዚያ ምሽት መጠጥ ቀምሳ ከነበረ ወይም ወንድ ባለበት ክፍል ተገኝታ ከነበረ እርስዋም ደንብ ተላልፋለች። ስለዚህ ከመናገርዋ በፊት ራስዋ መቀጣትዋን ታስባለች። ተጠቂዎች በሥነ ምግባር ደንቡ የተቀጡበት ሁኔታ እንደነበረም መንግሥት አረጋግጧል። በቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲም ተቋሙ ራሱ ያስጠራው የውጭ መርማሪ ቡድን በ2014 ባወጣው ሪፖርት ጥቃት የደረሰባቸው ተማሪዎች ምክር ፍለጋ ሲመጡ ጥፋተኝነት እንዲሰማቸው ይደረግ እንደነበር ዘርዝሯል። ሴትን ለመጠበቅ የታጠረው አጥር በዳይዋን ከለለላት ማለት ነው። ይህ ክፍተት በሁሉም ኮሌጅ ይኖራል ማለት አይቻልም፤ ጥቃት የሚያመለክት ተማሪ በዚያው አጋጣሚ ለፈጸመው ትንሽ የደንብ ጥሰት አይቀጣም ብለው በመመሪያቸው የጻፉ አሉና። በሰነዱ ውስጥ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ይህ አንቀጽ ነው።

ለሚያስቡበት ቤተሰቦች

የዕውቅና ጉዳይ ሁለተኛው ነው። ከእነዚህ ኮሌጆች አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት በመሸሽ የዕውቅና ሰጪ አካላትን አልፈለጉም። የቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅና ያገኘው በ2006፣ የፔንሳኮላው ኮሌጅ ደግሞ በ2013 ነው። ከዚያ በፊት የተመረቁ ተማሪዎች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወርም ሆነ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሲሞክሩ ውጤታቸውን የማይቀበል ተቋም ይገጥማቸው ነበር። ዛሬም ያለ ዕውቅና የሚያስተምሩ ትንንሽ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጆች አሉ። በኢትዮጵያ የውጭ አገር ማስረጃ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በመሆኑ፣ ተመላሽ ተማሪ ያልታወቀ ኮሌጅ ዲግሪ ይዞ ቢመጣ አራት ዓመቱ በከንቱ ሊቀር ይችላል። ከማመልከት በፊት የኮሌጁ ዕውቅና ሰጪ ማን እንደሆነና በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ የታወቀ መሆኑን መጠየቅ አንድ ደብዳቤ ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነው።

የውጭ ተማሪ ከአሜሪካዊው የሚለይበትም ነገር አለ። በተማሪ ቪዛ የገባ ወጣት ትምህርት በሚካሄድበት ጊዜ በግቢ ውስጥ መሥራት የሚችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ከግቢ ውጭ ለመሥራት የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አሜሪካዊ ተማሪ የቅጣት ነጥቡ ሞልቶ ቢሰናበት ዕቃውን ጭኖ ወደ ወላጆቹ ቤት ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ኮሌጅ ይገባል። በዲሲፕሊን የተሰናበተ የውጭ ተማሪ ግን ሕጋዊ ቆይታው ይቋረጣል፤ ከአገሪቱ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ለአንዱ የአንድ ዓመት መዘግየት የሆነው ደንብ መጣስ ለሌላው ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶ የላከበት ዕድል ማብቂያ ነው። በመሆኑም መመሪያውን ልጁ ብቻ ሳይሆን እንግሊዝኛ በሚያነብ ዘመድ ወይም በወረዳው ባለ መምህር አማካኝነት አባትና እናትም ከፊርማው በፊት ሊሰሙት ይገባል። ኮሌጆቹ ሰነዱን በድረ ገጻቸው ያወጣሉ ወይም ሲጠየቁ ይልካሉ። አልልክም የሚል ኮሌጅ ካለ ማመልከቻውን እዚያው ማቆም ይሻላል።